ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩና ማስታወቂያ የማይበዛባቸው የስልክ ጨዋታዎችና መተግበሪያዎች ጥቆማ ብትሰጡኝ

የወረዳው መምህር፦
ሰላም ለሁላችሁ። በሰሜን ሸዋ፣ ከከተማ ራቅ ባለ ወረዳ የማስተምር መምህር ነኝ። ስልኬ 32 ጊጋባይት ማከማቻና 2 ጊጋባይት ራም ያለው አንድሮይድ ሲሆን፣ ኔትወርክ የሚይዘው ከትምህርት ቤታችን በላይ ካለው ጉብታ ላይ ብቻ ነው። የምፈልገው አንደኛ፣ እኔና የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጄ ያለ ኢንተርኔት የምንጫወታቸው፣ በየመሀሉ ማስታወቂያ የማይደነቀርባቸው ጨዋታዎች ናቸው፤ ሁለተኛ ደግሞ ለሥራዬና ለዕለት ኑሮዬ የሚረዱ፣ ዳታ የማይጨርሱ መተግበሪያዎች። ፕሌይ ስቶር ላይ «ነጻ» ተብለው የተደረደሩትን ሁሉ ማመን ስለሚያስቸግር፣ ራሳችሁ የምትጠቀሙባቸውን ብትጠቁሙኝ ደስ ይለኛል።

ቼዝ ወዳጅ፦
መምህር፣ ስለ ጨዋታው እኔ ልጻፍልዎ። ስልክ በቀየርኩ ቁጥር መጀመሪያ የምጭነው የሳይመን ታታምን ፐዝሎች ነው። እንግሊዛዊው የሶፍትዌር ባለሙያ የሠራቸው ወደ 40 የሚጠጉ የአእምሮ ጨዋታዎች በአንድ መተግበሪያ ተሰብስበው የሚገኙበት ሲሆን፣ የሚይዘው ቦታ ጥቂት ሜጋባይት ነው፤ ማስታወቂያም ክፍያም የለበትም። መልኩ ደረቅና ያልተዋበ በመሆኑ ብዙ ሰው ከፍቶ ወዲያው ይዘጋዋል፤ እርስዎ ግን ትንሽ ይታገሡት። ሱዶኩም በውስጡ አለ። በተለይ ፈንጂ ፍለጋውን ይሞክሩት። ድሮ ኮምፒውተር ላይ የለመድነው ፈንጂ ፍለጋ መጨረሻ ላይ ሁለት ሳጥኖች አስቀርቶ በግምት እንድንነካ ሲያስገድደን፣ ይኸኛው ሜዳውን የሚያዘጋጀው በማሰብ ብቻ ተፈትቶ እንዲያልቅ አድርጎ ስለሆነ፣ ፈንጂው ቢፈነዳብዎ በዕድል ማሳበብ አይችሉም።

ቼዝ የሚችሉ ከሆነ «ሊቼስ»ን ያውርዱ። ፈረንሳዊው ቲቦ ዱፕሌሲ በ2010 እ.ኤ.አ. የጀመረውና በለጋሾች መዋጮ የሚተዳደር በመሆኑ ማስታወቂያ የለውም። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አጋድመው ከልጅዎ ጋር ፊት ለፊት የሚጫወቱበት ክፍል ኢንተርኔት አይፈልግም፤ የቼዝ እንቆቅልሾችንም ኔትወርክ ባለበት ሰዓት በርከት አድርጎ ስለሚያወርድ፣ ጉብታው ላይ የወረደውን ቤት ገብተው ይፈቱታል።

ለልጅዎ ደግሞ «ጂኮምፕሪስ» ጥሩ ነው። ከ2 እስከ 10 ዓመት ላሉ ልጆች የተዘጋጀ የትምህርታዊ ጨዋታዎች ስብስብ ስለሆነ ግማሹ ለእሷ ሳይቀላት አይቀርም፤ የሒሳቡና የኤሌክትሪክ ዑደት መገጣጠሚያው ክፍል ግን ትልቅ ሰውም ያስቀምጣል። የመኪና እሽቅድምድም ካላገኘሁ ካለች፣ ስልኩን አውሮፕላን ሞድ ላይ አድርገው ይስጧት፤ ማስታወቂያው መምጫ ያጣል።

የሞባይል ጥገና ባለሙያ፦
ከላይ የተጻፈው ሁሉ መልካም ሆኖ ሳለ፣ በአውሮፕላን ሞዱ ላይ ግን አልስማማም። ስልክዎን ለልጅ ሰጥተው አውሮፕላን ሞድ ላይ ሲያደርጉት የሚደወልልዎ ጥሪ አይገባም፤ ዳታውን ብቻ ማጥፋት ይበቃል። ደግሞም አንዳንዶቹ ጨዋታዎች ኢንተርኔት ሲያጡ አንከፈትም ይላሉ፤ ዳታው ሲመለስ ያቋረጡትን ማስታወቂያ የሚቀጥሉም አሉ። ከዚህ ይልቅ አንድሮይድ ላይ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለውንና ብዙ ሰው የማያውቀውን፣ ስልኩን በአንድ መተግበሪያ ላይ ብቻ የመቆለፍ አገልግሎት (ስክሪን ፒኒንግ ወይም አፕ ፒኒንግ) ይጠቀሙ። ሴቲንግ ውስጥ ገብተው ከሴኩሪቲ ሥር ያበሩታል፤ ሲከፈት የይለፍ ቁጥር እንዲጠይቅም ያደርጉታል፤ ከዚያ በኋላ ጨዋታውን ከፍተው ሲቆልፉት፣ ልጅዎ የይለፍ ቁጥርዎን ካላወቀች በቀር ወደ ቴሌግራምም ሆነ ወደ ቴሌብር መውጣት አትችልም።

ወደ ሱቄ ከሚመጡት ስልኮች ብዙዎቹን የሚያስቸግራቸው በቴሌግራም ቻናል ወይም በዜንደር ከጓደኛ የተወሰደ ኤፒኬ፣ ማለትም የመተግበሪያ መጫኛ ፋይል ነው። ፋይሉ ከዳታ ወጪ ያድናል፤ ነገር ግን ማን እንደነካካው አይታወቅም። አንድ ጨዋታ አጭር መልእክትዎን ላንብብ፣ ወይም አክሰሲቢሊቲ የሚባለውን ፈቃድ ስጠኝ ካለዎ ሳያመነቱ ያጥፉት። ይህ ሁለተኛው ፈቃድ ማየት ለተሳናቸው ሰዎች ስክሪኑን ለማንበብ የታሰበ ቢሆንም፣ የተሰጠው መተግበሪያ በስክሪኑ ላይ ያለውን ማየትና በእርስዎ ፋንታ መንካት ስለሚችል፣ የባንክና የሞባይል ገንዘብ አጭበርባሪዎች አጥብቀው የሚፈልጉት እሱን ነው። ለእሽቅድምድም ጨዋታ ምን ያደርግለታል?

በነገራችን ላይ፣ ቴሌብርን ዳታ በሌለበት ቦታ በ*127# መጠቀም ይችላሉ። መተግበሪያው ከባድ ስለሆነ፣ 2 ጊጋባይት ራም ላለው ስልክ እኔ የምመክረው ይህንኑ ነው።

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፦
ለማስተማር ሥራዎ ከሁሉ በፊት «ኪዊክስ»ን እጠቁማለሁ። ዊኪፔዲያን በአንድ ፋይል አውርደው ከዚያ በኋላ ያለ ምንም ኢንተርኔት የሚያነቡበት መተግበሪያ ነው። የእንግሊዝኛው ሙሉ ፋይል ከነሥዕሉ 100 ጊጋባይት ገደማ ስለሚሆን ስልክዎ አይችለውም፤ ነገር ግን ሥዕል የሌላቸውና በዘርፍ ተመርጠው የተዘጋጁ ትንንሽ ፋይሎች አሉ። የአማርኛው ደግሞ በጣም አነስተኛ ነው፤ ጽሑፎቹ ጥቂትና ብዙዎቹም አጫጭር መሆናቸውን አስቀድሜ ልንገርዎ። ዞን ወይም ዩኒቨርሲቲ በሄዱ ጊዜ በዋይፋይ ቢያወርዱት ጥቅልዎ አይነካም።

ለመንገድ «ኦርጋኒክ ማፕስ» አለ። ጂፒኤስ ዳታ ስለማይፈልግ፣ የኢትዮጵያን ካርታ አንዴ ካወረዱ አዲስ አበባ ውስጥም ሆነ አውቶቡስ ላይ ሆነው የት እንዳሉ ያሳይዎታል። ካርታው የተወሰደው በጎ ፈቃደኞች ከሚያዘጋጁት ኦፕንስትሪትማፕ ሲሆን፣ በትልልቅ ከተሞች ጥሩ ነው፤ በገጠር ግን አንዳንዱ ቀበሌ ባዶ ሜዳ ሆኖ ይታያል። የእኛ አገር አድራሻ «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት» በመሆኑ እኔ የምጠቀመው ቦታው ላይ በደረስኩበት ሰዓት ምልክት በማስቀመጥ ነው፤ ሁለተኛ ስሄድ ሰው አልጠይቅም።

ቃላትና ቀመር ለማስያዝ «አንኪድሮይድ» ይጠቅማል። የጥያቄና መልስ ካርዶቹን እርስዎ ያዘጋጃሉ፤ የተሳሳቱትን ቶሎ፣ ያወቁትን ዘግየት አድርጎ መልሶ ይጠይቃል። መጀመሪያ ላይ አደናጋሪ ነው፤ አንድሮይድ ላይ ግን በነጻ ስለሚገኝ መታገሉ አይከፋም።

የወረዳው መምህር፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ የፈተና ጥያቄ ስልክ ላይ ስለምጽፍ የአማርኛ ኪቦርድ እፈልጋለሁ፤ የትኛው ይሻላል?

የሞባይል ጥገና ባለሙያ፦
የሚጽፉት ሁሉ፣ የይለፍ ቃልዎም ጭምር በኪቦርዱ በኩል ስለሚያልፍ፣ ከየትም የመጣ ኪቦርድ አይጫኑ። አብዛኛው አንድሮይድ ከጂቦርድ ጋር ስለሚመጣ፣ ከቋንቋ ዝርዝሩ ውስጥ አማርኛን መጨመር ብቻ ይበቃዎታል፤ ተጨማሪ ኪቦርድም ቦታ አይወስድብዎትም። በእንግሊዝኛ ፊደል እየነኩ ወደ ግዕዝ የሚቀይረውን አጻጻፍ የለመዱ ከሆነ ግን የጂቦርዱ አቀማመጥ መጀመሪያ ላይ ያዘገየዎታል፤ እንደዚያ ከሆነ በአገር ልጆች ከተሠሩት አንዱን ከፕሌይ ስቶር አውርደው፣ ከኪቦርዱ ሥራ ጋር የማይገናኝ ፈቃድ፣ ለምሳሌ ስልክ ቁጥሮችዎን ወይም ያሉበትን ቦታ፣ የሚጠይቅ ከሆነ ይከልክሉት።