«ጢስ»፣ «እንፋሎት»፣ «ተን»፦ ቅጠል ሳይነድ ሲሞቅ ምን እንበለው?

ጥያቄ፣ ከሰበታ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አባላት። ካናቢስ በሐኪም ትእዛዝ በሚሰጥባቸው አገሮች ስለሚሠራበት መሣሪያ የተጻፈ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። መሣሪያው የደረቀውን ተክል ሳያቃጥል የሚያሞቅ፣ ተጠቃሚውም የሚወጣውን በአፉ የሚስብበት ሲሆን፣ ጽሑፉ በኮንዳክሽን (የጋለ ነገር በመንካት) የሚሠራውን በኮንቬክሽን (በሚንቀሳቀስ ሙቅ አየር) ከሚሠራው ጋር ያነጻጽራል። እኔ ሁለቱንም «ማሞቅ» ብዬ አለፍኳቸው፤ የሚወጣውንም አንድ ቦታ «ጢስ»፣ ሌላ ቦታ «እንፋሎት» አልኩት። መልሼ ሳነበው ንጽጽሩ ጠፍቷል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፣ ከሱሉልታ

ወንድሜ፣ ንጽጽሩ የጠፋብዎ «ማሞቅ» የሚለው ቃል ሙቀቱ በምን በኩል እንደመጣ ስለማይናገር ነው። አማርኛ ግን ይህን የሚለዩ ቃላት አሉት፤ አብዛኞቹም ጓዳ ውስጥ ናቸው።

አስቀድመን ነገሩን እንየው። በኮንዳክሽን በሚሠራው መሣሪያ ውስጥ የሚግለው ተክሉ የሚቀመጥባት የትንሿ ክፍል ግድግዳ ነው። ግድግዳውን የነካው ቀድሞ ይሞቃል፣ መሐል ያለው ይዘገያል፤ ተጠቃሚው ሳበም አልሳበም ግድግዳው እንደጋለ ስለሚቆይ ማሞቁ አይቋረጥም፣ ተክሉንም በየመሐሉ ማገላበጥ ያስፈልጋል። በኮንቬክሽን በሚሠራው ግን ቀድሞ የሚሞቀው አየሩ ነው፤ ተጠቃሚው ሲስብ ያ አየር በተፈጨው ተክል መካከል ሰርጎ ያልፋል፣ መሳቡን ሲያቆምም ማሞቁ ከሞላ ጎደል አብሮ ይቆማል። ሙቀቱ ለሁሉም እኩል የመዳረስ ዕድሉ የሰፋ ነው፤ በአንጻሩ የሚያልፈውን አየር በቅጽበት የሚያሞቅ ጠንካራ ማሞቂያ ይጠይቃል።

የመጀመሪያውን ቡና የቆላ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ትናንት ጠዋት ባለቤቴ ቡና ስትቆላ አጠገቧ ተቀምጬ ይህንኑ ጥያቄዎን አወጣና አወርድ ነበር። ጎረቤት ከደጅ ጠርታት ማገላበጧን ለጥቂት ጊዜ ተወችው፤ ስትመለስ ብዙዎቹ ፍሬዎች ምጣዱን በነካው ጎናቸው ጠቁረው፣ በላይኛው ጎናቸው ገና ቢጫ ነበሩ። ስለዚህ ለኮንዳክሽን «ግለት» የሚለውን ቃል አቀርባለሁ። የሚግለው ጠጣር ነገር ነውና፤ ምጣድ ይግላል፣ ብረት ይግላል፣ የምድጃ ጉልቻ ይግላል። «በግለት የሚያሞቅ» ስንል የጋለ አካል መኖሩንና ቅጠሉ እርሱን መንካቱን አንባቢ ወዲያው ይረዳል።

እዚህ ላይ ሁለት ግሶችን ለይቶ መያዝ ይጠቅምዎታል፤ «አረረ» እና «ነደደ»። የሚያርረው ድስቱ ሥር የተጣበቀው ወጥ ነው፤ ነበልባል አይታይበትም፣ ከላይ ሲያዩት ደኅና ይመስላል። የሚነድደው ግን ነበልባሉም ጢሱም የሚታይ ነው። በሰው ስሜት ላይ የምንናገረውም ይህን ልዩነት ጠብቆ ነው። «እርር ድብን አለ» የምንለው ኀዘኑን ወይም ቁጭቱን በውስጡ ይዞ ለሚብሰለሰል ሰው ሲሆን፣ «ንድድ አለ» የምንለው ቁጣው ፊቱ ላይ ለወጣ ሰው ነው፤ «ንዴት» የሚለው ስምም ከዚሁ ግስ የተገኘ ነው። በእርስዎ ጽሑፍ ውስጥ በግለት የሚሠራው መሣሪያ ዋና ጉድለት ግድግዳው አጠገብ ያለውን ማሳረሩ ነው። ሙቀቱ ከ230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲያልፍ ደግሞ ተክሉ ወደ መቃጠል ይሄዳል፤ ያኔ መሣሪያው የተሠራበት ዓላማ ቀርቷል ማለት ነው። ስለዚህ «ማረር» እና «መንደድ» በትርጉምዎ ውስጥ ፈጽሞ መቀላቀል የለባቸውም።

ለኮንቬክሽን «ወላፈን» ይሁን እላለሁ። እሳቱን ሳንነካው ወደ ፊታችን የሚመጣው ሙቀት ወላፈን ነውና።

አሁን ስለሚወጣው ነገር። «ጢስ» ስሕተት ነው፤ ጢስ የሚቃጠል ነገር ልጅ ነው፣ «እሳት በሌለበት ጢስ አይኖርም» የሚለው ተረታችንም ይህንኑ ይመሰክራል። በዚህ ምክንያት «ማጨስ» የሚለውንም ግስ ከጽሑፉ ያውጡት። «እንፋሎት» ለእውነት ይቀርባል፤ ነገር ግን በአማርኛ እንፋሎት የውሃ ነው፣ ከድስት ክዳን ሥር የሚወጣው ነው። እኛ ሱሉልታዎች ጉንፋን ሲይዘን የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልተን፣ ጋቢ ተከናንበን እንታጠናለን። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 91 ወይም 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የባሕር ዛፍ ዘይት ዋና ክፍል የሆነው ሲኒዮል ብቻውን ቢሆን የሚፈላው በ176 ዲግሪ አካባቢ ቢሆንም፣ ከውሃው እንፋሎት ጋር ተያይዞ ስለሚወጣ ሽታው ቤቱን ይሞላዋል። በእርስዎ መሣሪያ ውስጥ ግን ውሃ አይፈላም፤ ደረቅ ተክል በአብዛኛው ከ160 እስከ 220 ዲግሪ ባለው መካከል ይሞቅና ዘይታማው ክፍሉ ይለቀቃል። ለዚህ የሚስማማው «ተን» ነው። ግሱ «ተነነ»፣ መሣሪያው ደግሞ «ማትነኛ» ይሆናል፤ ከ«መለመን» «መለመኛ» እንደሚወጣ ሁሉ። ቱትሊንገን በተባለች የጀርመን ከተማ የሚሠራው ቮልካኖ የተባለው መሣሪያ የሚሞላውን ከረጢት «የጢስ ከረጢት» ቢሉት አንባቢ ይሳሳታል፤ «የተን ከረጢት» ቢሉት ግን ነገሩ ይገባዋል። «ተን» ማለታችን ግን ጉዳት የለውም ማለታችን እንዳይመስል፣ በጽሑፉ መግቢያ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምሩ።

«የደረቀ ዕፅ» እንዳይሉም አደራ። በግዕዝ ዕፅ ዛፍም እንጨትም ነበር፤ ዛሬ ግን «ዕፅ» ብቻውን ሲቆም ሰው የሚሰማው አደንዛዥ ዕፅን ነው፣ መሣሪያው ደግሞ ለሌሎች መዓዛማ ተክሎችም ያገለግላል። «የደረቀ ተክል» ይበቃል። ካናቢስ ሲሆን በአብዛኛው የሚፈለገው የእንስቷ ተክል አበባ ነውና «ቅጠል» ከማለት «አበባ» ማለቱ ይበልጥ ትክክል ነው። በአገራችን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፆችን ማምረትንም መጠቀምንም እንደሚከለክል በግርጌ ቢያመለክቱ መልካም ነው።

አስተያየት፣ ከለገጣፎ

ጋሼ፣ ስለ «ግለት» እና ስለ «ተን» የሰጡትን ማብራሪያ ከልብ እቀበላለሁ። «ወላፈን» ግን ያሳስበኛል። ወላፈን ስንል ከበስተኋላው ነበልባል አለ፤ «የጦርነቱ ወላፈን» የምንለውም ለዚህ ነው። እርስዎ «ጢስ»ን እሳትን ስለሚያመጣ ካስወጡት፣ ወላፈንም በዚያው ሚዛን ሊመዘን ይገባዋል። ደግሞም ከእሳት ዳር ሆነን ፊታችንን የሚፈጀን በአብዛኛው ጨረራ (ከእሳቱ እንደ ብርሃን በቀጥታ የሚደርሰን ሙቀት) እንጂ ተንቀሳቃሽ አየር አይደለም፤ የጋለው አየርማ ወደ ላይ ይወጣል። ሌላው፣ «ተነነ» እና «በነነ» እንዳይምታቱ እፈልጋለሁ። አመድና ዱቄት ይበንናሉ፣ ፈሳሽ ይተንናል። በጣም የተፈጨ ተክል ከተኑ ጋር ወደ አፍ ቢመጣ «በነነ» እንጂ «ተነነ» አይባልም።

መልስ፣ ከሱሉልታ

ልጄ፣ ልክ ነሽ። «ወላፈን»ን አንሥቻለሁ። በአንድ ቃል ለመጨረስ ስጓጓ የራሴን መመዘኛ ሳትኩ፤ ስለ ጨረራ ያልሽውም አልታየኝም ነበር። «የጋለ አየር»ም አይሆንም፣ ግለትን ለጠጣር ነገር ሰጥተነዋልና። እንግዲህ የሰበታው ወንድማችን አንዱን «በግለት የሚያተንን»፣ ሌላውን «በሙቅ አየር የሚያተንን» ይበላቸው። በገበያ ካሉት መሣሪያዎች ብዙዎቹ ሁለቱንም መንገድ ያጣምራሉ፤ ለእነዚያ «ቅይጥ» የሚለው የተለመደ ቃል ይሆናል።