ሃያ ሁለት ልጆች፣ አንድ ዓይነት መልስ፦ መጠይቄን እንዴት ላስተካክል?

ጥያቄ፦ ነጭ ጋውን

ሰላም ለሁላችሁ። ጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ ነኝ። በጎን ደግሞ በማኅበረሰብ ጤና ነርሲንግ ማስተርሴን እየተማርኩ ነው። የመመረቂያ ጥናቴ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ ሴት ተማሪዎች ስለ ወር አበባ ምን ያውቃሉ፣ ንጽህናቸውንስ እንዴት ይጠብቃሉ የሚል ነው። ፕሮፖዛሉ አልፏል፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴውም ፈቅዷል። ናሙናዬ 423 ነው።

ባለፈው ሳምንት መጠይቁን ለመሞከር፣ ጥናቱ ውስጥ በማይገባ የሌላ ከተማ ትምህርት ቤት 22 ልጆችን አስሞላሁ። ጉድ ሆንኩ። የፊተኛው ረድፍ መልስ አንድ ዓይነት፣ የኋለኛውም አንድ ዓይነት። አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሦስት ሆነው ነበር የተቀመጡት። ‹‹የንጽህና መጠበቂያ ንጣፍ ትጠቀሚያለሽ?›› ለሚለው አብዛኞቹ ‹‹አልጠቀምም›› ብለዋል። አንዷ እጇን አውጥታ ‹‹ሲስተር፣ ንጣፍ ማለት የአልጋ ነው?›› አለችኝ። የክፍል ኃላፊያቸው ደግሞ ጸጥታ ላስከብር ብለው በሩ ላይ ቆመዋል። ወንድ ናቸው። ልጆቹ አቀርቅረው ይሳሳቃሉ።

ሌላው ችግር የወላጅ ፈቃድ ነው። ለዋናው ጥናት የበተንኩት ፎርም ሩቡ እንኳ አልተመለሰም። ርዕሰ መምህሩ ‹‹ምን አስጨነቀሽ፣ እኔ ልፈርምልሽ›› ብለውኛል። ፈተና ሊጀመር ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ዳታ ሰብሳቢ ነበርኩ

ሲስተር፣ መጀመሪያ መምህሩ ከክፍሉ ይውጡ። በአክብሮት፣ ግን ይውጡ። ከዚያ አንድ ዴስክ ላይ አንድ ልጅ ብቻ። ክፍል ከጠበበ በሁለት ዙር አስሞዪ። የሞሉትን ወረቀት ደግሞ በእጅሽ አትቀበዪ። ካርቶን በፕላስተር አሽጊና ከላይ ቅደጂው፣ ራሳቸው አጥፈው ይክተቱ። ለአንቺ ካርቶን ነው፣ ለልጅቷ ግን ማንም እንደማያነብባት ማረጋገጫ ነው።

ረዳት ስትቀጥሪ የቀበሌውን ጤና ኤክስቴንሽን እንዳትመርጪ። እኛ ይህን ስህተት ሠርተን አይተነዋል። ሴትየዋ ጎበዝ ነበረች፣ ግን ከግማሾቹ ልጆች እናቶች ጋር ቡና ትጠጣለች። ማን ደፍሮ ይነግራታል? ከሌላ ከተማ የመጡ ሴት ተመራቂ ነርሶች ይሻሉሻል።

መልስ፦ የባዮሎጂ መምህርት

እኔ በልጆቹ አልፈርድም። ፈተና መስሏቸው ነው የተኮራረጁት። ‹‹እውነት፣ ሐሰት›› የሚል ወረቀት ያየ ተማሪ ዓይኑ ወደ ጎን ቢሄድ አይገርምም። ከመጀመርሽ በፊት ‹‹ይህ ማርክ የለውም፣ ስም አይጻፍበትም›› በያቸው። በእያንዳንዱ የእውቀት ጥያቄ ላይም ‹‹አላውቅም›› የሚል ምርጫ ጨምሪ። ከግምትና ከኩረጃ ያድንሻል።

ቃላቱን በተመለከተ፣ ‹‹ንጣፍ›› የትርጉም አማርኛ ነው። ልጆቹ የሚያውቁት ሞዴስ ነው። ሌላ ኩባንያ ያመረተው ቢሆንም ሞዴስ ነው የሚሉት። ስለዚህ ‹‹ባለፈው ወር ምን ተጠቀምሽ?›› ብለሽ ሞዴስ፣ የሚታጠብ ሞዴስ፣ ጨርቅ፣ ሌላ እያልሽ ዘርዝሪ። ‹‹አልጠቀምም›› ካሉሽ መካከል ብዙዎቹ ጨርቅ ተጠቃሚዎች እንደሚሆኑ እገምታለሁ። መጠይቅሽ ‹‹እርስዎ›› የሚል ከሆነም ወደ ‹‹አንቺ›› ቀይሪው። የ15 ዓመት ልጅ ‹‹እርስዎ›› ስትባል ለእናቷ የተጻፈ ይመስላታል።

‹‹በስንት ዓመትሽ ጀመረሽ?›› ከምትዪ ‹‹ስንተኛ ክፍል ሆነሽ?›› በዪ። ክፍሉን ያስታውሱታል፣ ዓመቱን ግን ይገምታሉ።

አሁን ዋናው ነገር። በዕጣ ከደረሳቸው ልጆች መካከል በዚያ ቀን ያልመጣችውን በሌላ አትተኪ! የቀረችው በወር አበባዋ ምክንያት ሊሆን ይችላል። አንቺ የምትፈልጊው ደግሞ እሷኑ ነው። በአቴንዳንሱ ስሟን ይዘሽ ሁለት ጊዜ ተመለሺ። በገበያ ቀን ግን አትሂጂ፣ ያኔ የቀረው ሁሉ ለሌላ ጉዳይ ነው።

መልስ፦ ማስተርስ ጨርሻለሁ

እኔ በበኩሌ ርዕሰ መምህሩን አስፈርሜ ነው የጨረስኩት። ማንም የጠየቀኝ የለም። ትምህርት ቤት ውስጥ እሳቸው እንደ ወላጅ ናቸው። ጊዜሽን አታባክኚ።

መልስ፦ ኮሚቴ ላይ የተቀመጥኩ

ይቅርታ፣ ይህ አያዋጣም። የርዕሰ መምህሩ ፊርማ ወደ ግቢው መግቢያ ነው። የወላጅን ፈቃድ አይተካም። ከ18 ዓመት በታች ላለች ልጅ የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ በዚያ ላይ የራሷ ስምምነት። ወላጅ ፈርሞ ልጅቷ ‹‹አልፈልግም›› ካለች አለቀ። ጉዳቱ አነስተኛ ለሆነ ጥናት የወላጅ ፊርማ እንዲቀር ማድረግ የሚችለው የፈቀደልሽ ኮሚቴ ብቻ ነው። ከፈለግሽ የማሻሻያ ጥያቄ ጽፈሽ አስገቢ። መጠይቁን ከቀየርሽም አዲሱን ቅጂ አብረሽ አያይዢ።

ግን ከዚያ በፊት ቁጠሪ። 11ኛና 12ኛ ክፍል ላይ 18 የሞላቸው አይጠፉም። እነሱ ለራሳቸው ይፈርማሉ።

ሌላው፣ ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩትን አስቢ። ሰኞ ፎርም ሰጥተሽ ረቡዕ ብትጠይቂያቸው ከየት ያምጡ? ዓርብ ስጪያቸው። ቅዳሜ ስንቅ ሊያመጡ ወደ ቤት ሲሄዱ ይዘውት ይሄዳሉ፣ ሰኞ ትሰበስቢያለሽ። ማንበብ ለማይችል ወላጅ ምስክር ባለበት ይነበብለትና በጣት አሻራ ይፈርማል። የፈቃዱን ወረቀት ከመጠይቁ ለይተሽ አስቀምጪ፤ ስም ያለበት እሱ ብቻ ነው።

መልስ፦ እናት ነኝ

ነርስ አይደለሁም፣ እንደ ወላጅ ልናገር። ለልጄ እንዲህ ያለ ወረቀት ሰጥተዋት አምጥታልኝ ነበር። ‹‹የአፍላ ወጣቶች ሥነ ተዋልዶ ጤና›› ይላል። ስለ ምን ሊጠይቋት ነው ብዬ ደነገጥኩና መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። በአጭሩ ‹‹ስለ ወር አበባና ንጽህና እንጠይቃታለን፣ ሌላ ነገር አንጠይቅም›› ብትሉኝ ኖሮ እዚያው እፈርም ነበር።

መልስ፦ ቁጥር ወዳጅ

ስለ ናሙናው ሳትጠይቂኝ ልግባ። የናሙና ቀመሩ በሚሰጠው 384 ላይ ለማይመልሱት 10 በመቶ ጨምረሽ 423 እንዳገኘሽ ያስታውቃል። የከተማውን ትምህርት ቤቶች በሙሉ አካተሽ ናሙናውን በየትምህርት ቤቱ የተማሪ ብዛት መጠን ካከፋፈልሽው ችግር የለውም። መጀመሪያ ትምህርት ቤቶቹን በዕጣ መርጠሽ ከዚያ ልጆቹን ከመረጥሽ ግን አንድ ግቢ የሚማሩ ልጆች ስለሚመሳሰሉ ዲዛይን ኢፌክት፣ ማለትም ለመመሳሰሉ ማካካሻ የሚሆን ማባዣ፣ ማስገባት ይኖርብሻል። 384ቱን በ1.5 አባዝተሽ 10 በመቶ ብትጨምሪበት 634 ይሆናል። ይህን አሁን ብትጨርሺው ይሻላል፣ ጥናትሽን ለፈታኞች በምታቀርቢበት (ዲፌንስ) ቀን የሚጠይቅሽ አይጠፋም።

ነጭ ጋውን

ተባረኩ። ትምህርት ቤቶቹ አራት ናቸው፣ አራቱንም አካትቻለሁ፣ ስለዚህ በ423 እቀጥላለሁ። እናት ነኝ ያልሽው እህቴ፣ ደብዳቤውን ዛሬ ማታ እንደገና እጽፈዋለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ‹‹በወር አበባ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን አለመግባት›› የሚለውን እንደ የተሳሳተ አመለካከት ቆጥሬ ዜሮ ሰጥቼው ነበር። ልክ ነኝ?

የባዮሎጂ መምህርት

በፍጹም። እሱ የእምነት ሥርዓት እንጂ የእውቀት ማነስ አይደለም። ከነጥቡ አውጪው። እውቀት የሚለካው ደሙ ከየት ይመጣል፣ መንስኤው ምንድን ነው በሚሉት ነው። ‹‹ከማህፀን›› ማለት ሲገባቸው ‹‹ከሽንት ፊኛ›› የሚሉ ምን ያህል እንደሆኑ አይተሽ ትገረሚያለሽ። እኔ ትምህርቱን ካስተማርኩ በኋላም ይሉኛል።

ዳታ ሰብሳቢ ነበርኩ

ስትጨርሺ ሰብስበሽ አርባ ደቂቃ አስተምሪያቸው፣ ባዶ እጅሽን አትውጪ። ሞዴስ በየአራት እስከ ስምንት ሰዓቱ መቀየር እንዳለበት፣ ጨርቅ በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ እንጂ ፍራሽ ሥር እንደማይደርቅ። ከሰባት ቀን በላይ የሚፈስሳት፣ ሞዴሱ በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ የሚሞላባት፣ ወይም 15 ዓመት ሞልቷት ያላየች ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ እንድትመጣ ንገሪያቸው። ግን መጠይቁ ተሞልቶ ካለቀ በኋላ ብቻ!

ደግሞ የዓለም የወር አበባ ንጽህና ቀን ግንቦት 20 ነው ብለሽ ትምህርቱን ወደዚያ እንዳታዘገዪው። ያኔ ልጆቹ ሐሳባቸው ሁሉ ፈተና ላይ ነው።

ነጭ ጋውን (ከዘጠኝ ቀን በኋላ)

ተመልሻለሁ። ጥናቱ ውስጥ የማይገባ ሌላ ትምህርት ቤት ሄጄ 21 ልጆች ላይ እንደገና ሞከርኩ። አንድ ዴስክ አንድ ልጅ፣ ካርቶን፣ ‹‹አንቺ››፣ ሞዴስ። መልሶቹ ተለያዩ። ጨርቅ ብለው ያከበቡም ብዙ ናቸው። ዓርብ የተሰጡት ፎርሞች ደግሞ ሰኞ ከግማሽ በላይ ተመለሱ፣ ሁለቱ በጣት አሻራ።

‹‹ትምህርት ቤታችሁ የሴቶች ሽንት ቤት አለው?›› ለሚለው ሁሉም ‹‹አለው›› ብለዋል። እኔም ራሴ ልየው ብዬ ሄድኩ። አለ። በሩ በሰንሰለት ታስሯል። ቁልፉ ዘበኛው ኪስ ውስጥ ነው፣ ዘበኛው ደግሞ ምሳ ሄደዋል። ይህን በየትኛው ጥያቄ ሥር ልጻፈው?

ኮሚቴ ላይ የተቀመጥኩ

የምልከታ ቅጽ አዘጋጂ፦ በሩ በትምህርት ሰዓት ክፍት ነው ወይ፣ ከውስጥ ይቆለፋል ወይ፣ ውኃ አለ ወይ፣ ሞዴስ መጣያ አለ ወይ። አራቱም ትምህርት ቤቶች ሄደሽ በዓይንሽ አይተሽ ሙዪው፣ የልጆቹን መልስ አትጠብቂ። የቁልፉን ነገር ግን ውጤት እስክትጽፊ አታቆዪው። ነገ ጠዋት ለርዕሰ መምህሩ ንገሪያቸው።