ጥቆማ ፈልጌ ነበር፦ ማስጠናት፣ ትራንስክሪፕሽን ወይስ ፍሪላንስ? (ለተማሪ)

የሌሊት ወፍ፦
ሰላም ቤተሰብ። ሁለተኛ ዓመት ነኝ፣ ኮርሱ ይከብዳል ኪሴ ደሞ ከኮርሱ ይብሳል። በሳምንት ከ10 እስከ 12 ሰዓት ማውጣት እችላለሁ፣ ከዛ ካለፈ ላብ ሪፖርት ይደራረብብኛል። ያሰብኩት ሦስት ነገር ነው፤ ልጆች ማስጠናት፣ ኢንተርቪውና ሌክቸር እየሰሙ መጻፍ (ትራንስክሪፕሽን የሚሉት)፣ ወይ ደሞ ፋይቨርና አፕወርክ (ሠሪና አሠሪን በኢንተርኔት የሚያገናኙ ሳይቶች) ላይ ፓወርፖይንትና ፖስተር መሥራት። ላፕቶፕ አለኝ፣ ያረጀ ነው፣ ስፔስ ባሩ ሁለቴ ካልመቱት አይሰማም ግን ይሄዳል። የሞከራችሁ ንገሩኝ፣ ፈተና ሲመጣ ሁለት ሳምንት ትቼው ብመለስ የማይጠፋብኝ የቱ ነው? ጥያቄዬ እሱ ነው፣ የቱ ብዙ ይከፍላል አላልኩም።

አንድ ለናቱ፦
ፋይቨር። አለቀ።

ጂሲ ነኝ አትረብሹኝ፦
ወንድሜ መጀመሪያ የላፕቶፑን ነገር አስብበት። በእንደዛ አይነት ስፔስ ባር ጽሑፍ ሥራ አይታሰብም። ሃርድ ዲስኩ የድሮው ዓይነት ከሆነ በኤስኤስዲ (ፈጣኑ ዓይነት ዲስክ) ቀይረው፣ ራሙን 8 ጊጋ አድርሰው፣ አዲስ መግዛት አይጠበቅብህም። የእኔ ሊሞት ደርሶ እንደዛ ነው የተነሳው፣ አሁን ከአዲስ እኩል ነው የሚነሳ።

የሌሊት ወፍ፦
እህትህ ነኝ ሃሃ። አመሰግናለሁ ግን ስለ ላፕቶፕ አልጠየቅኩም።

ጂሲ ነኝ አትረብሹኝ፦
ይቅርታ እህቴ። ኤስኤስዲውን ግን አስቢበት።

ደብተር አዟሪ፦
ማስጠናት ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ጥሩ ነው፣ ግን ሰው የማይቆጥረው ነገር አለው። ሁለት ሰዓት አስጠናሁ ትያለሽ፣ መሄጃና መመለሻው አንድ ሰዓት ይበላል፣ ልጁ ነገ ምን ይጠይቀኛል ብለሽ ማታ የምታነቢው ሌላ አንድ ሰዓት፣ ከዛ እናትየው በር ላይ ይዘውሽ "ለውጥ አለው ወይ?" እያሉ የሚያቆሙሽ ግማሽ ሰዓት። የሁለት ሰዓት ክፍያሽን ለአራት ተኩል አካፍይው እንግዲህ። ሁለት ወንድማማች ወይ ጎረቤታም ልጆች አንድ ላይ ከያዝሽ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል፣ ዝግጅቱ አንድ ክፍያው ሁለት።

ወደ ጥያቄሽ ስመጣ፣ ችግሩ የእነሱም ፈተና ካንቺ ጋር አንድ ሰሞን መምጣቱ ነው። በጣም የሚፈልጉሽ ያኔ ነው። ፋይናሌ ሁለት ቀን ሲቀረው የስምንተኛ ክፍል ልጅ ጋ ቁጭ ብዬ ክፍልፋይ ሳስረዳ ያመሸሁበት ቀን አለ፣ ታችኛውን ቁጥር ለምን እንደማንደምር ለማሳየት አንድ ወረቀት አስራ ስድስት ቦታ አጥፈን ቀለም ቀባን። ልጁ 90 አመጣ። እኔ ሲ።

ብዕር ያለቀበት፦
ስለ ትየባ ነገር ከማሰብሽ በፊት የእኔን ስሚ። ያኔ ልክ እንዳንቺ ሁለተኛ ዓመት ነበርኩ። ስሙን የማልጠራው አንድ "ድርጅት" በውስጥ መስመር አገኘኝና የመጽሐፍ ገጽ ፎቶ እየላክንልህ ወርድ ላይ ትተይባለህ አለኝ። ኮንትራት መጣ፣ ማህተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ በ10 ቀን 200 ገጽ፣ ትክክለኛነቱ ከመቶ 98 ካልሆነ ክፍያ የለም። 98 ምን ይከብዳል ብዬ ፈረምኩ። ገጾቹን ስከፍታቸው ግማሹ ደብዝዟል፣ ቁጥር አንድና ትንሿ ኤል አይለዩም፣ የሆነ ቦታ ሁለት ክፍት ቦታ የሆነ ቦታ አንድ፣ ኮማው ከቃሉ ርቆ ተቀምጧል፣ እንዳለ ገልብጥ ነው የሚለው ትእዛዙ። ስልኬ ላይ ገጹን አጉልቼ ግድግዳ አስደግፌ ማታ ማታ እየተየብኩ፣ ጠዋት ክላስ እየቀረሁ በ10ኛው ቀን ጨረስኩ። ካስረከብኩ በሦስተኛው ቀን ደብዳቤ መጣ። "ውጤትዎ 97.1 ነው፣ ውል ስላፈረሱ የሲስተም ክፍያ ይከፍላሉ፣ አለበለዚያ ጠበቃችን ክስ ይመሠርታል።" እና ከፈልኩ። ተበድሬ።

ሰባራ ስክሪን፦
ቆይ፣ ከፈልክ???

ብዕር ያለቀበት፦
አዎ።

ሰባራ ስክሪን፦
10 ቀን ሠርተህ አንተው ከፈልክ ማለት ነው። አቦ ይሄ ሥራ አይደለም ጂም ነው። ሰርተፍኬትስ ሰጡህ?

ብዕር ያለቀበት፦
ሳቅ አንተ። ክስ የሚል ቃል በማህተም ሲመጣልህ እናያለን።

ሦስተኛ ረድፍ፦
እኔንም! የእኔ ትየባ አልነበረም፣ ቪዲዮ ላይክ አድርግ፣ ስክሪንሹት ላክ ነው። መጀመሪያ ሦስት ቀን በትክክል ከፈሉኝ እኮ፣ ማታ ማታ ይገባል፣ ለዶርም ልጆች በኩራት ነው ያሳየሁት። በአራተኛው ቀን ከፍ ያለው ደረጃ ላይ ለመግባት ትንሽ አስቀምጥ አሉኝ፣ አስቀመጥኩ፣ ከነትርፉ መለሱ። ከዛ ተለቅ ያለውን ሳስቀምጥ ጊዜ ግሩፑም የለ አድሚኑም የለ። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለእኔ ነው። ሦስት የዶርም ልጆችም አስገብቼ ነበር፣ ከአንዱ ጋር እስካሁን ሰላም አንባባልም።

መንገደኛዋ፦
እንዲህ ዓይነቶቹን ስማቸውን ብትጽፉ ነው የሚሻለው ሌላ ሰው እንዳይገባ።

ብዕር ያለቀበት፦
ስም ምን ያደርጋል እህቴ፣ በየወሩ ይቀይራሉ። ጠባያቸው ነው የማይቀየረው።

የሌሊት ወፍ፦
በጣም አዝናለሁ ለሁላችሁም። እና ፈተና ሲመጣ አቁሜው ልመለስበት የምችለው የትኛው ነው?

አንድ ለናቱ፦
ፋይቨር አልኩሽ እኮ። ፈተና ሲደርስ ጊግሽን (እዛ የለጠፍሽውን የሥራ ማስታወቂያ) ፖዝ ታደርጊያለሽ፣ ስትጨርሺ ትከፍቺያለሽ።

ደብተር አዟሪ፦
ፋይቨር ከምታገኚው ከመቶ 20 እንደሚወስድ ግን ንገራት። ክፍያውም ሥራው ካለቀ በኋላ ለአዲስ ሰው 14 ቀን ይያዛል። ዛሬ ሠርታ ነገ ፎቶኮፒ የምትከፍልበት አይደለም።

አንድ ለናቱ፦
20ውን ይውሰደው፣ ደንበኛውን ያመጣው እሱ ነው። አንተ እናትየው በር ላይ ሲያቆሙህ የምታጣው ከ20 ይበልጣል፣ ራስህ ነህ ያልከው።

ደብተር አዟሪ፦
እሱስ ልክ ነህ። ግን ስንት ወር ነው የመጀመሪያዋን ሥራ ለማግኘት የጠበቅከው?

አንድ ለናቱ፦
አምስት። ግን ከዛ በኋላ ፋይቨር ፋይቨር ነው።

ሰባራ ስክሪን፦
አምስት ወር ሰምስተር ያልቃል ጀለሴ። ፖዝ ማድረግ ምን ይጠቅማታል፣ አምስት ወሩ ራሱ ፖዝ ነው።

ጆሮ ዳባ፦
ትራንስክሪፕሽን የሚሠራ ሰው እስካሁን ስላልመለሰ እኔ ልመልስ፣ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። መጀመሪያ ክፍያው በኦዲዮ ደቂቃ ነው፣ ባንቺ ደቂቃ አይደለም፣ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። የአንድ ሰዓት ቅጂ ለለመደ ሰው አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ ለጀማሪ ስድስትም ሰባትም ሊሆን ይችላል። ሁለት ሰዎች አብረው የሚያወሩበት ወይ ማይኩ ጥግ ላይ የተቀመጠበት ከሆነ ደሞ እርሺው። አንዴ የቡድን ውይይት ነበር፣ ስድስት ሰው፣ አንዱ ብስኩት እየበላ ነው የሚያወራው፣ ማሸጊያው ሲንሿሿ አንድ ቃል ለመስማት አስራ አንድ ጊዜ መለስኩት፣ ቃሉ "ምናልባት" ነበር።

ሁለተኛ፣ ኦፕን ኤአይ በፈረንጅ 2022 ላይ ዊስፐርን (ንግግር ሰምቶ የሚጽፍ ፕሮግራም) በነፃ ከለቀቀው ወዲህ የጠራ እንግሊዝኛ ንግግር በሰው ማስጻፍ ቀንሷል። አሁን በብዛት የሚመጣው ማሽን የጻፈውን ማረም ነው፣ ክፍያውም ያነሰ ነው። ማሽኑ በደንብ የማይሰማው ቋንቋ ወይ የሕክምናና የሕግ ቃላት የምታውቂ ከሆነ ግን አሁንም ሰው ይፈለጋል። እና በጣም ቀላሉ ደንበኛ ሳይት ላይ የለም፣ እዛው ግቢሽ ነው ያለው፣ ቴሲስ የሚሠሩ የማስተርስና የፒኤችዲ ተማሪዎች ኢንተርቪዋቸውን የሚጽፍላቸው ሰው አጥተው ነው የሚሰቃዩት። የዲፓርትመንት ቦርድ ላይ ወረቀት ለጥፊ።

ሦስተኛ፣ ፈተና ሲመጣ አቁመሽው የምትመለሺበት ትራንስክሪፕሽኑ ነው። ፋይሉን ካልተቀበልሽ ማንም አይጠብቅሽም። ኦትራንስክራይብ የሚባል ነፃ ነገር አለ፣ ድምፁን ከኪቦርዱ ሳትነሺ ታቆሚዋለሽ ትመልሽዋለሽ። ሁሌ የአምስት ደቂቃ ናሙና ላኩልኝ በይ፣ ሰምተሽ ነው ዋጋ የምትናገሪው። ሥራ ለመጀመር ክፈይ ያለሽ ካለ ደሞ የብዕር ያለቀበትን ታሪክ ላኪለት።

የሌሊት ወፍ፦
እግዜር ይስጥህ፣ ይሄን ነበር የምፈልገው። ናሙናው ላይ ስንት ደቂቃ እንደፈጀብኝ ቆጥሬ በዛ ላስላ ማለት ነው?

ጆሮ ዳባ፦
በትክክል። ሰዓት ያዢ፣ ማረሚያውንም ጨምሪ። ብዙ ሰው ጽፎ ሲጨርስ ነው ሰዓቱን የሚያቆመው፣ መልሶ መስማቱን አይቆጥርም።

አስረኛው ወንበር፦
ምን አደከማችሁ፣ አሳይመንት መሥራት ነው የሚያዋጣው። ግቢ ውስጥ የማይጠይቅ የለም፣ ማታ ሠርተሽ ጠዋት ካሽ።

ደብተር አዟሪ፦
የሰው አሳይመንት ሠርቶ መሸጥ ሲያዝ ገዢውም ሻጩም ነው የሚቀጣው። እንደዛ አድርጎ አንድ ዓመት የታገደ ልጅ አውቃለሁ።

አስረኛው ወንበር፦
እኔ ሥራ ነው ያልኩት ሥነ ምግባር አላስተማርኩም።

ሰባራ ስክሪን፦
እሱማ እንዳላስተማርክ ያስታውቃል።

መንገደኛዋ፦
ውጭ ሆናችሁ የምትማሩ ካላችሁ ቪዛችሁን ሳታዩ ምንም እንዳትጀምሩ። እንግሊዝ ለዲግሪ ተማሪ ትምህርት ላይ እያለ በሳምንት 20 ሰዓት ነው፣ እና በተማሪ ቪዛ በግል መሥራት አይፈቀድም፣ ይሄ ፋይቨር አፕወርክ የምትሉትን ይጨምራል፣ ሰው ኢንተርኔት ስለሆነ አይቆጠርም ይላል፣ ይቆጠራል። አሜሪካ ኤፍ ዋን (የተማሪ ቪዛ) ከሆነ በትምህርት ጊዜ ግቢ ውስጥ 20 ሰዓት፣ ከግቢ ውጭ ያለፈቃድ የለም። ካናዳ ከኅዳር 2024 በፈረንጅ ጀምሮ ከግቢ ውጭ 24 ሰዓት። ጓደኛዬ ይሄን ሳታጣራ የሆነች ትንሽ የሎጎ ሥራ ተቀብላ ወር ሙሉ ሳትተኛ ነበር፣ ምንም አልመጣባትም ግን ፊቷ አልቆ ነበር።

የሌሊት ወፍ፦
እኔ አገሬ ነኝ፣ ግን ጠቃሚ ነው።

ሦስተኛ ረድፍ፦
ዩቲዩብስ? የአጎቴ ልጅ ከፍቶ ነበር፣ ያዋጣል ይላል።

ጆሮ ዳባ፦
ከማስታወቂያ ድርሻ ለማግኘት 1000 ተከታይና በ12 ወር ውስጥ 4000 ሰዓት እይታ ይጠይቃል። ወይ በ90 ቀን 10 ሚሊዮን የሾርትስ (አጫጭር ቪዲዮ) እይታ። በሳምንት 10 ሰዓት ላላት ልጅ መጀመሪያ የሚያልቀው ዲግሪው ይመስለኛል።

አንድ ለናቱ፦
ፋይቨር ላይ ግን ተከታይ አይጠይቅም።

ሰባራ ስክሪን፦
እሱን አንድ ነገር ከፍላችሁ ዝም አሰኙልኝ ባካችሁ፣ 20 ከመቶው ተቀንሶ።

ብዕር ያለቀበት፦
እኔ ልጠይቅ፣ ክስ እንመሠርታለን ያሉት ሰዎች ዕውነት መክሰስ ይችሉ ነበር? እስካሁን ይከነክነኛል።

ደብተር አዟሪ፦
ወንድሜ አድራሻ የሌለው ሰው የት ፍርድ ቤት ይቆማል። የሚያስፈራሩት ስለምትከፍል ነው። ዳግም ቢጽፉልህ አትመልስ፣ ደብዳቤውን ግን አታጥፋው፣ ፖሊስ ጋ ብትሄድ ያስፈልግሃል። ዕዳውን ለጓደኛህ መለስክ ግን?

ብዕር ያለቀበት፦
ሒሳብ አስጠንቼለት ነው ያወራረድነው። ሃሃ አሁን ሳስበው የእሱ ሥራ ነው በትክክል የከፈለኝ።

መንገደኛዋ፦
የሌሊት ወፍ እና ምን ወሰንሽ?

ጂሲ ነኝ አትረብሹኝ፦
ኤስኤስዲውን ቀየርሽው?

የሌሊት ወፍ፦
ኤስኤስዲውን ገና ነኝ። ግን ስፔስ ባሩን በመስመሪያ ጫፍ ነቅዬ ሥሩን በድሮ የጥርስ ብሩሽ ጠረግኩት፣ የእርሳስ ቅርፍት ነው ገብቶ የተቀመጠው። አሁን አንዴ ብቻ ነው የምመታው።

ጂሲ ነኝ አትረብሹኝ፦
ይኸው! እኔ ከመጀመሪያው ላፕቶፑን አላልኩም?

ጆሮ ዳባ፦
እና ሥራውስ? ናሙናው ስንት ደቂቃ ፈጀብሽ?

አንድ ለናቱ፦
ዝም ካለች ፋይቨር ከፍታለች ማለት ነው።