«አከታትሎ አነጠፈና ነጠፈ»፦ ምስጋና ነው ስድብ?

ሣድስ፦
ሰላም ለቤቱ። አንድ የድምፅ ዝግጅት ወደ ጽሑፍ እየገለበጥኩ አንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ተቸንክሬ ቀርቻለሁ። ተናጋሪው ግሩም ፊልም በላይ በላዩ ስለሠሩ ዳይሬክተሮች ያወራል። ኮፖላ ላይ ሲደርስ እንዲህ ይላል፦

«ኮፖላ በሰባዎቹ አራቱን አከታትሎ አነጠፈና ነጠፈ።»

አራቱ ግልጽ ናቸው፤ «ዘ ጎድፋዘር» 1972፣ «ዘ ኮንቨርሴሽን»ና «ዘ ጎድፋዘር ክፍል ሁለት» 1974፣ «አፖካሊፕስ ናው» 1979፣ ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር። የቸገረኝ የመጨረሻው ቃል ነው። ድምፁ እዚያ ላይ ስለሚዋጥ «ነጠፈ» ይበል «ተነጠፈ» አልለየሁትም። ነጠፈ ከሆነ አለቀለት ማለቱ ነው? ተነጠፈ ከሆነስ ደክሞት ተዘረጋ? ነገ ጠዋት አስረክባለሁ።

ወልደ ሰዋስው፦
ከቃሉ በፊት ሥሩን እንያዝ። ግዕዙ «ነጸፈ» ነው፤ ዘረጋ ማለት። ምንጣፍ የምንለው ከዚያው ነው። የጸ ወደ ጠ መዞር አዲስ ነገር አይደለም፤ ጸጉር ጠጉር፣ ጸበል ጠበል ሆኖ የለም? ስለዚህ አነጠፈ ዘረጋ፣ ነጠፈ ራሱ ተዘረጋ። ሰውዬው አራት ፊልም ዘርግቶ ራሱም ተዘረጋ። አለቀ።

አንቀጽ፦
አላለቀም። ላም ስትነጥፍ ትዘረጋለች?

ወልደ ሰዋስው፦
ትተኛለች።

አንቀጽ፦
ወንድሜ፣ ያልነጠፈችውም ትተኛለች! ስትነጥፍ የሚቆመው ወተቷ ነው። «ምንጩ ነጠፈ»፣ «እንባዬ ነጠፈ» ስንል ምንጭና እንባ መቼ ተዘረጉ? ፊደላቸው ገጠመ እንጂ ሁለት ቃል ናቸው። የዚህኛውን ዘመድ እኔ የምፈልገው በ«ነጠበ» በኩል ነው፤ ጠብ ጠብ እያለ ማለቅ። ነጠበ፣ ነጠበ፣ ነጠፈ።

ድርብ ሰረዝ፦
ነጠበ፣ ነጠበ፣ ነጠፈ። ለልጆች መዝሙር ያምራል፤ ለማስረጃ ግን ገና ነው።

የኔታ ባይ፦
ወልደ ሰዋስው፣ ያን «ነጸፈ» በጸሎቱ ጸ ጻፍከው። በፀሐዩ ፀ ነው። እሱን ሳታጠራ ወደ ላም አትሂድ።

ወልደ ሰዋስው፦
በየትኛው መጽሐፍ?

የኔታ ባይ፦
እኔ የምናገረው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከመምህሬ አፍ ነው። ቅኔ የቆጠረ ይጠይቀኝ።

ድርብ ሰረዝ፦
ያው ተጀመረ። ባለፈው «ፀሐይ» ላይ ሁለት ሳምንት ነው የፈጀብን፤ የጠየቀችው ልጅ በመሀል ትዳር ይዛለች።

ጨለማ ክፍል፦
ይቅርታ፣ እኔ ግዕዙ የለኝም፤ ፊልሙን ግን አይቻለሁ። ተናጋሪው «ነጠፈ» ሲል በ1982 የወጣውን «ዋን ፍሮም ዘ ሃርት» እያሰበ ይመስለኛል። ኮፖላ ብዙ ገንዘብ አፍስሶበት ገቢው ከወጪው አጠገብ እንኳ አልደረሰም። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ዕዳ ለመክፈል ነበር ፊልም የሚሠራው። ግን ሰውዬው አልሞተም። በ1986 «ፔጊ ሱ ጎት ሜሪድ» መጣ፤ በ1992 «ድራኩላ» ጥሩ ገንዘብ አስገባ። ስለዚህ ነጠፈ ማለት አለቀለት ከሆነ ትክክል አይደለም።

አንቀጽ፦
እሰይ! እኔ ልደርስበት የፈለግኩት እዚህ ነበር። ነጠፈች የተባለች ላም እኮ አልሞተችም፤ አልመከነችም። ስትወልድ እንደገና ትታለባለች። ነጠፈ ውስጥ «ለጊዜው» የሚል አለበት። ደረቀ ውስጥ የለም። ተናጋሪው «ደረቀ» አለማለቱን ልብ በሉ። ኮፖላ ነጠፈ፤ «ድራኩላ»ን ወለደ፤ ታለበ።

የኔታ ባይ፦
ምንጭስ ሲነጥፍ ቆይቶ ይወልዳል?

አንቀጽ፦
ክረምት ሲገባ ይመለሳል የኔታ።

የኔታ ባይ፦
እንባስ?

አንቀጽ፦
እንባማ ኑሮ ራሱ ይመልሰዋል።

ድርብ ሰረዝ፦
አንድ ለዜሮ።

ጨለማ ክፍል፦
የአንቀጽን ሐሳብ ከወሰድን ለ«ነጠፈ» ከኮፖላ የተሻለ ምሳሌ አለኝ፤ ሮብ ራይነር። ከ1984 እስከ 1992 ሰባት ፊልም፦ «ዚስ ኢዝ ስፓይናል ታፕ»፣ «ዘ ሹር ቲንግ»፣ «ስታንድ ባይ ሚ»፣ «ዘ ፕሪንሰስ ብራይድ»፣ «ዌን ሃሪ ሜት ሳሊ»፣ «ሚዘሪ»፣ «ኤ ፊው ጉድ ሜን»። የፌዝ ዘጋቢ ፊልም፣ የልጆች ተረት፣ የፍቅር ወግ፣ የሚያርበደብድ፣ የፍርድ ቤት ድራማ፤ አንዱ ሌላውን አይመስልም። ከዚያ በ1994 «ኖርዝ»። እሱን ያየ ሰው ነጠፈ ያለውን ቃል መዝገብ ሳይገልጥ ይረዳዋል። በዓመቱ ደግሞ «ዘ አሜሪካን ፕሬዚደንት»ን ይዞ ተመለሰ።

ወልደ ሰዋስው፦
በዓመቱ ከወለደችማ ነጠፈች አይባልም፤ ዝም ብላ ከባድ ላም ናት።

ሣድስ፦
እናመሰግናለን፣ ግን የኔ ጥያቄ «ነጠፈ» ነው ወይስ «ተነጠፈ» የሚለው…

ወልደ ሰዋስው፦
እንመጣለን። ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ከዚያ የባሰ ስሕተት አለ፤ ማንም አላየውም። «አከታትሎ»! በ1974 እና በ1979 መካከል አምስት ዓመት አለ። አምስት ዓመት ዘግይቶ የመጣን ማነው «አከታተለ» የሚል? «ልጅ አከታትላ ወለደች» ስንል አንዱ ሳይድህ ሌላው የመጣባትን እናት ነው። «አከታትሎ ተኮሰ» ስንል ጥይቱ ትንፋሽ አልሰጠም። አከታተለ ውስጥ ጥድፊያ አለ። ስለዚህ ኮፖላ ሦስቱን አከታተለ፤ አራተኛውን አስከተለ።

ጨለማ ክፍል፦
አምስቱን ዓመት እኮ ተኝቶ አልነበረም! የ«አፖካሊፕስ ናው» ቀረጻ በ1976 ፊሊፒንስ ውስጥ ተጀምሮ በ1977 ነው ያለቀው። አውሎ ነፋስ መድረኩን ጠረገው፤ ዋናው ተዋናይ ማርቲን ሺን በቀረጻው መሀል የልብ ሕመም መታው። ከዚያ ደግሞ የአርትዖቱ ዘመን። አንድ ምጥ አምስት ዓመት ፈጀ ማለት ነው እንጂ ክፍተት አልነበረም።

ወልደ ሰዋስው፦
ምጡ ረዘመ ማለት አከታተለች ማለት አይደለም።

አንቀጽ፦
እዚህ ላይ ሳልወድ ከወልደ ሰዋስው ጋር ነኝ። «በተከታታይ» እና «አከታትሎ» አንድ አይደሉም። በተከታታይ የተራ ነገር ነው፤ በመሀል ሌላ አይገባም፣ ጊዜው ይርዘም ይጠር ግድ የለውም። አከታትሎ ግን የጊዜ ነገር ነው። ኩብሪክን ውሰዱ።

ጨለማ ክፍል፦
ኩብሪክ ከ1957ቱ «ፓዝስ ኦፍ ግሎሪ» እስከ 1999ኙ «አይስ ዋይድ ሸት» አሥር ፊልም ነው ያለው፤ በ42 ዓመት። «ዘ ሻይኒንግ» 1980፣ «ፉል ሜታል ጃኬት» 1987፣ ከዚያ 12 ዓመት ዝምታ። ግን አሥሩን ደርድራችሁ ይቺ ውድቅ ናት የምትሏትን አሳዩኝ። እኔ አንደኛ የማደርገው እሱን ነው።

አንቀጽ፦
በቃ፣ ኩብሪክ አሥር ግሩም ፊልም በተከታታይ ሠራ፤ ግን አላከታተለም። ራይነር አከታተለ። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ ወርቅ የሆነ ልዩነት። ሌላው ቋንቋ ይፈልገው!

የኔታ ባይ፦
ኩሮሳዋስ? እስከ 1965 ድረስ በ22 ዓመት 23 ፊልም አከታተለ። ከዚያ 1970፣ 1975፣ 1980፣ 1985። በየአምስት ዓመቱ አንድ፣ ልክ እንደ ባሕረ ሐሳብ። እሱን ምን ትይዋለሽ?

ድርብ ሰረዝ፦
የኔታ ፊልም ያያሉ እንዴ!

የኔታ ባይ፦
«ራን»ን አይቼ ነው ሽምግልና የገባኝ፤ አንተ ገና ነህ። አሁን ዝም በልና አድምጥ። «ተከተለ» ከግዕዙ «ተለወ» ነው። ወንጌሉ «ወተለውዎ» ይላል፤ ተከተሉት። ተለወ ላይ ከ ተጨምሮ ከተለወ፣ ከዚያ ወ ወድቆ ከተለ። ተለወ ውስጥ ጥድፊያ የለም፤ መረባቸውን ጥለው እግር በእግር መሄድ ነው። ስለዚህ ኩብሪክም አከታትሏል፤ 12 ዓመቱም ይፈቀድለታል።

ወልደ ሰዋስው፦
የኔታ፣ በአክብሮት፤ ያ ከ ከየት መጣ? በግዕዝ ግሥ ላይ እንዲህ የሚጨመር ከ አላውቅም። ሥሩ ከ፣ ተ፣ ለ ነው። «አስከተለ» በሉና እዩት፤ ተ የተባለው መነሻ ይወድቃል፣ ከ ግን ንቅንቅ አይልም። ተለወ ጎረቤት ነው እንጂ አባት አይደለም።

የኔታ ባይ፦
አንተ የአባትህን ጎረቤት በምን ለየኸው?

ድርብ ሰረዝ፦
ይሄ ነገር ወደ ቤተሰብ እየገባ ነው።

ጨለማ ክፍል፦
የባሰ ጥያቄ ልጨምር? ስፒልበርግ በ1993 «ጁራሲክ ፓርክ»ንና «ሺንድለርስ ሊስት»ን በአንድ ዓመት አወጣ። ኮፖላም በ1974 ሁለት፤ ሁለቱም ለዋናው ኦስካር ታጭተው ክፍል ሁለት ነው የወሰደው። የራሱን ፊልም ራሱ አሸነፈው! ይህስ ማከታተል ነው ወይስ መንታ?

አንቀጽ፦
መንታ ነው። መንታ ደግሞ አይከታተልም፤ ይገፋፋል።

ጨለማ ክፍል፦
ቻርልስ ሎተንስ? በ1955 «ዘ ናይት ኦፍ ዘ ሃንተር»ን ሠራ፣ ሌላ ፊልም አልመራም። መቶ በመቶ። አንድም ጊዜ አልተሰናከለም።

ድርብ ሰረዝ፦
የሚከተለው የሌለው አከታታይ። ቅኔ ናት፤ የኔታ ይፍቷት።

ካዕብ፦
ዘግይቼ ገባሁ። ኃይሌ ገሪማን ማንም አላነሳም? «ሳንኮፋ» 1993፣ «ጤዛ» 2008። በመሀል ዘጋቢ ፊልሞች አሉ፤ «አድዋ» 1999 አንዱ ነው። ዘጋቢው ከተቆጠረ ክፍተቱ ይሞላል፤ ካልተቆጠረ 15 ዓመት ነው። መጀመሪያ «ፊልም» የሚለውን ብትተረጉሙት አይሻልም?

ወልደ ሰዋስው፦
ካዕብ፣ እባክህ። ፊልም ሥር የለውም።

ካዕብ፦
እሺ ሌላ። ይህን ሁሉ የምታወሩበት ነገር ስሙ ማነው? ሰው «ኩብሪክ ረጅም ምን አለው» ሊል ነው? «ተከታታይ» እንዳትሉኝ፤ «ኩብሪክ አሥር ተከታታይ ፊልም ሠራ» ካልኩ እናቴ በየምሽቱ የሚተላለፍ ድራማ ነው የሚመስላት።

አንቀጽ፦
እውነት ነው፤ ተከታታይን ቴሌቪዥኑ ወስዶታል። እኔ «ሐረግ» እላለሁ። ሳይበጠስ የሚሄድ ነገር፣ ወይን ላይም፣ ብራና ላይም። «የኮፖላ ሐረግ»።

ድርብ ሰረዝ፦
የኮፖላ ሐረግ ካልሽማ ልጁ ሶፊያም ገባች፣ የወንድሙ ልጅ ኒኮላስ ኬጅም ገባ። ኬጅ ከገባ ደግሞ የግሩም ፊልም ነገር እዚያው ላይ አበቃ።

የኔታ ባይ፦
«ውትረት» በሉት። «ወትር» የቀስት አውታር ነው፤ «ወትረ» ያለማቋረጥ። ዘወትር የምትሉት እሱ ነው። የተወጠረ አውታር፣ የማይረግብ። «የኩብሪክ ውትረት»።

ካዕብ፦
ለጆሮ «ውትወታ» ይመስላል የኔታ።

የኔታ ባይ፦
ጆሮህን አስመርምር።

ወልደ ሰዋስው፦
ሐሳቡ ግን ክፉ አይደለም። ልጆቹ «ወጥር!» የሚሉትስ ከዚሁ ቢሆን? ወተረ፣ ወጠረ።

አንቀጽ፦
አሁን ተ ወደ ጠ በምን ሕግ ነው የሚዞረው? ቅድም እኔን በ«ነጠበ» ስትስቁብኝ አልነበረም?

ጨለማ ክፍል፦
የስፖርት ጋዜጠኞች «ያለመሸነፍ ጉዞ» ይላሉ፤ ሰው ሁሉ ይገባዋል። ራይነር የሰባት ፊልም ያለመሸነፍ ጉዞ ነበረው፤ በ«ኖርዝ» ተገታ። ምን ጎደለው?

ወልደ ሰዋስው፦
ሥር።

ሣድስ፦
አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ሰዓቱ ስላለፈብኝ ሌሊቱን «ነጠፈ» ብዬ አስረክቤያለሁ። አራሚው መልሶ ልኮልኛል፤ ላም ለሰው አይሆንም ብሎ «ደከመ» አድርጎታል። ይሁን?

የኔታ ባይ፦
«ደከመ»? ቆይ፣ ግዕዙ «ደክመ» ነው…

አንቀጽ፦
ደከመና ነጠፈማ ጭራሽ አይገናኙም! ሣድስ፣ እንዳትቀበል። የደከመች ላም እኮ ትታለባለች።