የልጆቻችንን ሴክሽን የኦንላይን አይኪው ይደልድልልን? (የሀዋሳ ወላጆች ክርክር)

የአቶቴ እናት፦
ሰላም ሀዋሳዎች። ስም አልጠራም፣ የገባው ይገባዋል። ልጄ የምትማርበት የግል ትምህርት ቤት ትናንት በቴሌግራም ማስታወቂያ ላከ። ከአራተኛ እስከ ስድስተኛ ያሉ ልጆች በሚቀጥለው ዓመት ሴክሽን የሚደለደሉት በአይኪው (የማሰብ ችሎታን የሚለካ ፈተና ውጤት) ነው፣ ሊንኩ ይኸው፣ ቤታችሁ አስፈትኗቸውና ውጤቱን ስክሪንሾት አድርጋችሁ ላኩ፣ ከ115 በላይ ያመጣ ሴክሽን ኤ ይገባል ይላል። አንዷ ወላጅ "ይሄ ነገር አስተማማኝ ነው ወይ" ብላ ብትጠይቅ "ቁጥር አይዋሽም" ብለው መልሰው ኮመንት ዘጉብን። እኔም እንግዲህ ልጄን አስቀምጬ አስፈተንኳት። በእንግሊዝኛ ነው። አንዱ ጥያቄ ስንት ዳይምና ስንት ኳርተር ሲደመር አንድ ዶላር ይሆናል ይላል፣ እሷ እንኳን የአሜሪካን የኛንም ሳንቲም ይዛ ገበያ ወጥታ አታውቅም። ከዛ ደሞ ዘጠኝ ሳጥን ያለው ስዕል መጣ፣ ስምንቱ ውስጥ ቀስትና ነጥብ አለ ዘጠነኛው ባዶ፣ የኔ ስልክ ስክሪኑ ጥጉ ላይ ተሰንጥቋል፣ ነጥቧ የፈተናው ትሁን የስንጥቁ መለየት አቅቷት በጣቷ ስታሻሽ ሳታስበው አንዱን መልስ ነካችውና አለፈ። ወደ ኋላ መመለስ የለም። ኔትወርክ ሲጠፋ ገጹ ይቆማል ሰዓቱ ግን ይቆጥራል። ጨረስን ስንል ውጤት ለማየት በካርድ ክፈሉ፣ በዶላር። አሜሪካ ያለችው እህቴ ከፈለችልን፣ 96። "እማ ደደብ ነኝ ማለት ነው?" አለችኝ። እስቲ ምን ልበላት።

ታቦር ስር፦
ሃሃሃ አቦ እኔም ሊንኩን አግኝቼ ገባሁበት፣ ጥያቄውን ሳላነብ ሁሉም ላይ ሁለተኛዋን ምርጫ እየጠቀጠቅኩ ጨረስኩ፣ "እንኳን ደስ አለዎት፣ ከአማካይ በላይ ነዎት፣ ሙሉ ሪፖርቱን ለማየት ይክፈሉ" አለኝ። ባጃጅ ውስጥ ተሳፋሪ እየጠበቅኩ ነው ደሞ። ሴክሽን ኤ ቦታ ካለ እኔንም መዝግቡኝ።

ኢንጂነሩ፦
ቀልዱን እንተወውና እውነቱን እናውራ። ይሄ ሊንክ ቆሻሻ ሊሆን ይችላል፣ እሺ። ግን አይኪው ራሱ በሳይኮሎጂ ውስጥ እንደሱ የተጠና ነገር ጥቂት ነው፣ በደንብ ሲለካ ከትምህርት ውጤት ጋር አብሮ እንደሚሄድ ከመቶ ዓመት በላይ ታይቷል። "ቁጥር አይዋሽም" ስላሉ ለምን እንደተቆጣችሁ አልገባኝም። እስካሁን ሴክሽን ኤ የሚገባው የማን ልጅ ነበር? የወላጅ ኮሚቴው፣ የባለ ሆቴሉ፣ ከርዕሰ መምህሩ ጋር ቡና የሚጠጣው ሰውዬ ልጅ። የኔ አባት የሚያውቀው ሰው ስላልነበረ እኔ እስከ ስምንተኛ ሴክሽን ኤፍ ነበርኩ። ቁጥር ዘመድ የለውም፣ ለድሃ ልጅ ከዚህ የተሻለ ጠበቃ አምጡና እንነጋገር።

ቾክ፦
ኢንጂነር ስለ ዘመድ ያልከውን እፈርምልሃለሁ። ሳይኮሎጂ አስተምራለሁ፣ ሴክሽን ኤ እንዴት እንደሚሞላም በዓይኔ አይቻለሁ። ግን እህታችንን አንድ ነገር ልጠይቃት። ፈተናው ከመጀመሩ በፊት የልጅሽን ዕድሜ ጠየቀሽ?

የአቶቴ እናት፦
ኧረ መምህር አልጠየቀም። የጠየቀው ኢሜይል ነው።

ቾክ፦
በቃ አለቀ። 100 ማለት እኮ ከመቶ መቶ አይደለም፣ ያንቺ እኩዮች አማካይ ማለት ነው። ትክክለኛው ፈተና መጀመሪያ በየዕድሜው በብዙ ሰው ላይ ይሞከርና አማካዩ 100፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ (ውጤቶቹ ከአማካዩ የሚርቁበት ልክ) 15 እንዲሆን ይሠራል፣ የአሥር ዓመት ልጅ ከአሥር ዓመት ልጅ ጋር ነው የምትወዳደረው። ዕድሜ ያልጠየቀ ሳይት ልጅቷን ያወዳደራት ማታ ሥራ ሲፈታ አይኪውዬን ልየው ብሎ ከገባ የካሊፎርኒያ ጎረምሳ ጋር ነው፣ እሱም ከተወዳደረች። የብዙዎቹ ሳይቶች ቁጥር ከየት እንደመጣ የሚገልጽ አንድ ወረቀት የለም። ከ115 በላይ ያሉት ነገር ደሞ ያስቀኛል፣ በደንብ የተሠራው፣ የሠለጠነ ሰው ከልጁ ፊት ተቀምጦ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚሰጠው ዓይነት ፈተና እንኳ በአምስት ነጥብ ገደማ ወዲያና ወዲህ ሊል ይችላል። 113 ያመጣውንና 116 ያመጣውን ልጅ በግድግዳ የሚለይ ሰው ቁጥሩን አላነበበውም።

ኢንጂነሩ፦
እሺ ይሄ ሳይት ወደቀ። ግን ሁሉንም ኦንላይን በአንድ ከረጢት አትክተቱ። የኖርዌይ ሜንሳ፣ ከፍተኛ አይኪው ያላቸው ሰዎች ማኅበር ማለት ነው፣ በነፃ ያስቀመጠው አለ፣ 35 ጥያቄ በ25 ደቂቃ፣ ስዕል ብቻ ነው፣ ዳይም የለ ኳርተር የለ፣ ካርድ አይጠይቅም። ትምህርት ቤቱ እሱን ቢጠቀም ምን ትሉ ነበር?

ቾክ፦
እሱ እንኳ የሚነግርህ ከ85 እስከ 145 ባለው መሃል ጠቋሚ ቁጥር ነው፣ ያለ ተቆጣጣሪ የተሠራ ፈተናን ሜንሳ ራሱ ለአባልነት አይቀበልም። ባለቤቱ ያላመነውን እኛ ልጅ ልንደለድልበት? እናት አጠገብ ቁጭ ብላ "ሦስተኛውን ሦስተኛውን" ብትልስ ማን ያያል።

ሲስተር ኤም፦
እኔ የምሠራው ክሊኒክ ነው፣ ደረጃ ሮጦ ወጥቶ የገባ ሰው የደም ግፊቱን ወዲያው ለክቼ 160 ብዬ ካርድ ላይ ብጽፍ ማሽኑ አልዋሸም፣ ዋሾዋ እኔ ነኝ። ቁጥር አይዋሽም ያሉት ሰዎች ማን እንደሚዋሽ ያውቁታል።

ኢንጂነሩ፦
ሲስተር ይሄማ እኔ ያልኩት ነው፣ ቁጥሩ አይዋሽም፣ አለካኩን አስተካክሉ።

ሲስተር ኤም፦
አይ አንተ ያልከው ለድሃ ልጅ ጠበቃ ነው ነው። የተሰነጠቀ ስልክ የያዘችው ልጅ ድሃዋ መሰለችኝ። አሜሪካ እህት የሌላት እናት ደሞ ውጤቱን ጭራሽ አታየውም።

የአቶቴ እናት፦
ሲስተር ስለ እህቴ አታንሺ፣ በወሩ ድጋሚ ቆረጡባት። አንዴ የከፈለች መስሏት ነበር፣ ለካ በየወሩ ነው፣ ታችኛው ጥግ ላይ በትንሽ ጽሑፍ ተጽፏል አሉ። እሷ አሁን እኔን ነው የምትቆጣው።

የቤቱ ልጅ፦
እኔ የትምህርት ቤቱ ባለቤት የወንድም ልጅ ነኝ፣ አልደብቅም። ሰው ሁሉ እየተነሳ ይሰድባል ግን በዚህ ከተማ ላብራቶሪ ያለው፣ ላይብረሪ ያለው ስንት የግል ትምህርት ቤት አለ? አጎቴ ያሰበው ለልጆቹ ብሎ ነው። ጎበዝና ሰነፍ አንድ ላይ ሲቀመጥ መምህሩ ለማን ያስተምር? በዛ ላይ አይኪው ፈረንጅ የፈጠረው ለትምህርት ቤት ነው፣ እኛ አዲስ ነገር አላመጣንም።

ቾክ፦
ጥሩ አነሳኸው ወንድሜ። አልፍሬድ ቢኔ ከሲሞን ጋር የመጀመሪያውን በ1905 (በፈረንጅ) ፓሪስ ላይ ሲያወጣ ለትምህርት ቤት ነበር፣ ልክ ነህ። ግን ወደ ኋላ የቀሩትን ልጆች ለይቶ ተጨማሪ እርዳታ ለመስጠት ነው። ሰውዬው ቁጥሩ የማይለወጥ የልጁ ዕጣ ነው የሚሉትን አጥብቆ ይቃወም ነበር። የእናንተ ሴክሽን ኤፍ ተጨማሪ መምህር ይመደብለታል? ወይስ ጎበዞቹ መምህራን በሙሉ ወደ ኤ?

የቤቱ ልጅ፦
የመምህር ምደባ የአስተዳደር ጉዳይ ነው።

ታቦር ስር፦
"የአስተዳደር ጉዳይ ነው" ሃሃሃሃ መልሱን ሰጠን እኮ።

አዳማ ፖስታ ቤት፦
ከአዳማ ሆኜ ሳነባችሁ እየሳቅኩ ነው፣ ሀዋሳዎች ዓሣ በልተን ጎበዝ ነን ስትሉ አልነበረ እንዴ፣ ምን ፈተና ያስፈራችኋል።

ታቦር ስር፦
አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ መጥተህ ብትበላ አንተም ይገባህ ነበር፣ እናንተ ጋ ያለው ነፋስ የያዛችሁትን ሁሉ ይዞባችሁ ሄዷል።

ዝምተኛው፦
ነገሩን ወደ ከባዱ ልውሰደው። በአገራት የተቀባ የዓለም አይኪው ካርታ በየቦታው ሲዞር አይታችኋል፣ ኢትዮጵያ በጣም ጥቁር ቀለም የተቀባችበት፣ 63 የሚል። ኢንጂነር፣ ይሄም ቁጥር አይዋሽም? ሙሉ አገሩ የአእምሮ ዘገምተኛ ነው ማለት ነው? አንተ ድልድይ የምትሠራው በ63 ነው?

ኢንጂነሩ፦
እኔ ስለ ካርታ አላወራሁም። አፌ ላይ ያልሆነ ነገር አታስቀምጥ።

ዝምተኛው፦
አንተ አፍ ላይ ያለው "ቁጥር አይዋሽም" ነው፣ እሱን ነው የምጠይቅህ።

ቾክ፦
የ63ቱን ታሪክ እኔ ልንገራችሁ፣ ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ ስለሚጠየቅ ነው የማውቀው። ሪቻርድ ሊን የሚባል ሰው ከፊንላንዱ ቫንሃነን ጋር በ2002 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምለው) ባሳተመው የአገራት ዝርዝር ላይ ነው የወጣው። ለኢትዮጵያ የተጠቀሙት ናሙና ኢትዮጵያ ውስጥ የተወሰደ እንዳይመስላችሁ፣ እስራኤል በቅርቡ የገቡ 250 ገደማ ቤተ እስራኤላውያን ወጣቶች፣ አሥራ አምስት ዓመት አካባቢ፣ የሬቨን ማትሪክስ የሚባለውን የሳጥን ስዕል ተሰጥቷቸው በ1991 የታተመ ጥናት ነው። ከጎንደር ገጠር ተነስቶ አዲስ አገር፣ አዲስ ቋንቋ ውስጥ የገባ ልጅ ቀስትና ነጥብ አምጡለትና የአንድን አገር ሕዝብ በሙሉ በሱ መዝኑ። ከዛ ወዲህ ዊከርትስና ባልደረቦቹ በ2010 የሊንን የአፍሪካ መረጃ አመራረጥ አንድ በአንድ ፈትሸው ቁጥሩ ወደ ታች የተጎተተው ናሙና እየተመረጠ ስለሆነ ነው ብለዋል።

ግን እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነው። እዛው እስራኤል ዙሪኤልና ካውፍማን በ1999 ባወጡት ጥናት ኢትዮጵያውያን የአንደኛ ክፍል ልጆች መጀመሪያ ሲፈተኑ ከሌሎቹ ዝቅ አሉ፣ ከዛ ስለ ጥያቄው አሠራር ትንሽ ተማሩ፣ እንደገና ሲፈተኑ ልዩነቱ በጣም ጠበበ። ልጆቹ እነዛው ናቸው። የተለወጠው እንዲህ ያለ ስዕል ምን እንደሚፈልግ መረዳታቸው ነው። አሁን የእህታችንን ልጅ አስቡ፣ እንዲህ ዓይነት ስዕል ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው በተሰነጠቀ ስክሪን ላይ ነው።

ዝምተኛው፦
ታዲያ ይሄን ሁሉ እያወቃችሁ አይኪው ሳይንስ ነው ትላላችሁ። ነጭ ራሱን ለማንገሥ የሠራው ነው በሉና ጨርሱት።

ቾክ፦
እሱንም አልልም። ለዛ የተጠቀሙበት ነበሩ፣ አሜሪካኖች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከ1.7 ሚሊዮን በላይ ምልምል ወታደር ሲፈትኑ ክሪስኮ ምንድነው ብለው ጠይቀዋል፣ የማብሰያ ስብ ብራንድ ነው፣ ከጣሊያን ትናንት መርከብ የወረደ ሰው ከየት አውቆት። ከዳይምና ኳርተሩ በምን ይለያል? ግን ሐኪም ቤት አንድ ልጅ ለምን ማንበብ እንዳቃተው ለማወቅ ሙያተኛው ሲጠቀምበት ደሞ ብዙ ይረዳል።

ኢንጂነሩ፦
መምህር እኮ ከኔ ጋር ነህ፣ ለምን እንደምትከራከረኝ አልገባኝም። ደሞ ፍሊን የሚባለው ተመራማሪስ? በየአሥር ዓመቱ ወደ ሦስት ነጥብ የሰው ውጤት እየጨመረ ነው ያለው። ስለዚህ ይለወጣል፣ ማንም ዕጣ ነው አላለም።

ሲስተር ኤም፦
ይለወጣል ካልክ የዘንድሮ ስክሪንሾት የሚቀጥለውን ዓመት ወንበር ለምን ይወስናል?

ኢንጂነሩ፦
ወንበር በምን ይወሰን ታዲያ? እስካሁን ማንም አልመለሰልኝም። ሁላችሁም ፈተናውን ትሰድባላችሁ፣ ሴክሽን ኤን በዘመድ የሚሞላውን ሰውዬ ግን ማንም አልነካውም።

ገበያ ማዶ፦
እኔ አንድ ነገር ልበል፣ በ2014 (በኛ አቆጣጠር) የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሃምሳ በመቶና ከዛ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነው። የኔ ወንድም ከቀሩት ውስጥ ነው፣ አሁን ሁለት ሠራተኛ ያለው የብረታ ብረት ቤት አለው። ቁጥር አልዋሸም በሉና 96.7 በመቶው ደደብ ነበር በሉን።

ኢንጂነሩ፦
እሱ የትምህርት ፈተና ነው፣ አይኪው አይደለም። ያ ቁጥር የነገረን ትምህርት ቤቶቹን ነው፣ እነሱን ነው የሰደበው። እና ትክክል ነበር።

ገበያ ማዶ፦
ስለዚህ ያኔ ሲሆን ቁጥሩ ትምህርት ቤቱን ነው የሚለካው፣ አሁን ሲሆን ልጄን። እንደፈለጋችሁ ታዞሩታላችሁ።

የቤቱ ልጅ፦
ወገን፣ የብረታ ብረት ቤት ያለውን ወንድምህን እናከብራለን ግን እኛ ልጆቻችንን ለዛ አይደለም የምናስተምረው።

ገበያ ማዶ፦
የአጎትህ ትምህርት ቤት በር የማን ብየዳ ነው? ጠይቀው እስቲ። ገና ቀሪ ሂሳብ አለበት።

ታቦር ስር፦
ኡኡኡኡ

አሞራ ገደል፦
ኦንላይን ስለሆነ ብቻ አትናቁት ልል ነበር፣ ተመራማሪዎቹ እነ ሃምፕሻየርና ኦወን በ2012 (በፈረንጅ) ከ100 ሺህ በላይ ሰው ኦንላይን ፈትነው ብልህነት በአንድ ቁጥር አይገለጽም፣ የማስታወስ፣ የማመዛዘንና የቋንቋ ብቃት ለየብቻ ነው ብለው ወጥተዋል፣ ተቺም አላቸው። ግን ስለ ቀሪ ሂሳቡ ስሰማ ረሳሁት። ስንት ነው?

የቤቱ ልጅ፦
የግል ጉዳይ እዚህ አታምጡ። የፈለገ ሰኞ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሮ ይምጣ፣ ወላጅ ብቻ።

የአቶቴ እናት፦
እመጣለሁ። መምህር ጊዜ ካለዎት አብረውኝ ይምጡ፣ እኔ ይሄን ዕድሜ ምናምን የሚሉትን እንደርስዎ አልናገረውም።

የቤቱ ልጅ፦
ወላጅ ብቻ ተብሏል።

ቾክ፦
ልጄ እዛው ሦስተኛ ክፍል ነው።

ኢንጂነሩ፦
እኔም እመጣለሁ። ልጅ የለኝም፣ የሴክሽን ኤን የዘንድሮ ስም ዝርዝርና የአባቶቻቸውን ስም ግን አምጡልኝ እላለሁ።

አዳማ ፖስታ ቤት፦
ኢንጂነር አንተ ግን ስንት አመጣህ?