ጌስት ፖስት፦ በአንድ ወር 20 ሊንክ ቢገዛ ያዋጣል?

ባና ከመንዝ፦

ጤና ይስጥልን። ደብረ ብርሃን ሆነን የመንዝ ባና፣ በርኖስና የበግ ጸጉር ምንጣፍ የምንሸጥበት ዌብሳይት አለን፤ በአማርኛና በእንግሊዝኛ 30 ያህል ገጽ አለው። አንድ የማርኬቲንግ ባለሙያ «ዶሜይን ኦቶሪቲያቸው ከ50 በላይ በሆኑ 20 ዌብሳይቶች ላይ በአንድ ወር ጌስት ፖስት (በሌላ ሰው ዌብሳይት ላይ በእንግድነት የሚወጣ፣ ወደ እናንተ ገጽ የሚወስድ ሊንክ ያለው ጽሑፍ) አወጣላችኋለሁ፣ ሊንኩ ሁሉ ዱፎሎው ነው» ብሎ ዋጋ ሰጥቶናል። ሌላው ደግሞ «ጌስት ፖስትን ጎግል ከከለከለው ቆይቷል፣ ብራችሁን አትበትኑ» ይላል። የትኛውን እንስማ? ሥራው የሚያዋጣ ከሆነስ እንዴት ነው የሚሠራው?

ሊንክ ፈታሽ፦

ሁለቱም ግማሹን ነው የነገሯችሁ።

ከክልከላው ልጀምር። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2014 የጎግልን የፀረ ስፓም ቡድን ይመራ የነበረው ማት ከትስ፣ ለሊንክ ተብሎ የሚሠራ ጌስት ፖስት ዘመኑ አብቅቷል ብሎ ጻፈ። ብዙም ሳይቆይ በዚያው ጽሑፍ ላይ ማብራሪያ ጨመረ፤ ለመታወቅና አዲስ አንባቢ ለማግኘት የሚጻፈውን ማለቱ እንዳልነበረ ተናገረ። በሰው አእምሮ የቀረው ግን የመጀመሪያው አረፍተ ነገር ብቻ ነው። በ2017 ጎግል ራሱ የሚጠላውን ዘርዝሮ አስታወሰ፦ በቁልፍ ቃል የታጨቀ ሊንክ፣ በብዙ ዌብሳይት በጅምላ የሚወጣ ጽሑፍ፣ ጉዳዩን በማያውቅ ሰው የተጻፈ፣ አንዱ ከሌላው የማይለይ ይዘት። «በአንድ ወር 20» የሚለው ውል ከነዚህ ስንቱን እንደሚያሟላ ራሳችሁ ቁጠሩት። ስለ ባና ቁምነገር ያለው 20 የተለያየ ጽሑፍ በወር የሚጽፍ ሰው አይገኝም።

ዶሜይን ኦቶሪቲ የጎግል መለኪያ አይደለም። ሞዝ የሚባል ኩባንያ ከ1 እስከ 100 የሚሰጠው ግምት ነው፤ ጎግል ደረጃ ሲያወጣ አይጠቀምበትም። ቁጥሩ ደግሞ በቀላሉ ይነፋል፦ ባለቤቱ ሳያድሰው የቀረ አሮጌ ዶሜይን (የዌብሳይት አድራሻ) ይገዛል፣ የድሮ ሊንኮቹ ቁጥሩን ከፍ አድርገው ያቆዩታል፣ ውስጡ በሚሸጥ ጽሑፍ ይሞላል። ከውጭ 55፣ ከውስጥ አንድም አንባቢ የለም።

ስለዚህ የ20ዎቹን ዝርዝር አስቀድመህ አሳየን በሉት። እምቢ ካለ እዚያው ይብቃ። ከሰጣችሁ ለእያንዳንዱ አሥር ደቂቃ ይበቃል። መጀመሪያ የዌብሳይቱን ስም ጎግል ላይ ፈልጉ፤ በገዛ ስሙ የማይወጣ ከሆነ ነገር አለው። ቀጥሎ «ሳይት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል፣ ሁለት ነጥብና አድራሻውን ሳትለያዩ ጽፋችሁ፣ ክፍተት ትታችሁ «ካዚኖ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ጨምሩ። የቁማር ጽሑፍ ከተዘረገፈ ጎረቤታችሁ ማን እንደሚሆን አወቃችሁ። መጨረሻ ላይ የቅርብ ጊዜ አሥር ጽሑፎችን አንብቡ። አንዱ ስለ ጥርስ፣ አንዱ ስለ ክሪፕቶ፣ አንዱ ስለ ፍራሽ ከሆነ ሊንክ መሸጫ ነው።

«ዱፎሎው» የሚባል ምልክት ደግሞ በኮድ ውስጥ የለም። ምንም ያልተለጠፈበት፣ ጎግል ለደረጃ ሊቆጥረው የሚችል ተራ ሊንክ ማለት ነው። ሊንኩ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ «ኢንስፔክት» ስትሉ «ሬል» በሚለው ስር ኖፎሎው (ለደረጃ አትቁጠረው የሚል)፣ ስፖንሰርድ (የተከፈለበት) ወይም ዩጂሲ (ተጠቃሚዎች የጻፉት) የሚል ካለ ይታያችኋል። ኖፎሎው ከ2005 ጀምሮ ያለ ነው፤ ሁለቱ በ2019 መጡ። ገንዘብ የተከፈለበት ሊንክ ስፖንሰርድ ወይም ኖፎሎው መባል አለበት። «ከፍላችሁ ዱፎሎው ታገኛላችሁ» የሚለው ቃል እንግዲህ ራሱ ደንብ መጣስ ነው፤ መዘዙ የሚወርደው ደግሞ በሻጩ ላይ ብቻ ሳይሆን በእናንተም ዌብሳይት ላይ ነው።

ጣርማ በር፦

ከላይ በተባለው ላይ አልጨምርም። «እንዴት ይሠራል» ላላችሁት ልመልስ።

በሦስት ወር ሁለት ወይም ሦስት ጽሑፍ ይበቃችኋል፤ ቦታው ግን ባና የሚገዛ ሰው የሚያነብበት ይሁን። ለምሳሌ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት ወደ መንዝ ጓሳ የሚሄዱ ሰዎች የሚያነቡት የጉዞ ዌብሳይት። ቦታው ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፣ ሌሊቱ ያንዘፈዝፋል፤ «ጓሳ ለማደር ምን ይያዛል» የሚል ጽሑፍ ውስጥ ባና ራሱ ይገባል፣ በግድ የሚሰካ ነገር የለውም።

ለአዘጋጁ የሚላከው ኢሜይል አጭር ይሁን። እንዲህ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ስለ ልብስ አያያዝ ያወጣችኋቸውን አነበብኩ፤ ስለ ጋቢ አለ፣ ስለ ባና ግን የለም። ባና በሙቅ ውሃ ሲታሽ ለምን እንደሚኮማተር፣ በምን እንደሚታጠብና ከብል እንዴት እንደሚጠበቅ በ900 ቃል ጽፌ፣ ራሳችን ካነሳናቸው 4 ፎቶዎች ጋር ልልክላችሁ እችላለሁ። ሌላ ቦታ አልወጣም፣ አይወጣምም።»

ሊንክ የሚል ቃል እንደሌለው ልብ በሉ። አዘጋጁ የሚፈልገው አንባቢው የሚጠይቀውን የሚመልስለት ሰው ነው። ጽሑፉም በትክክል ይመልስ፦ የበግ ጸጉር ቅርፊት ቅርፊት አለው፤ ሙቀትና እሽታ ሲያገኘው እርስ በርሱ ይቆላለፍና ይጠብቃል፣ ከዚያ በኋላ አይመለስም። ስለዚህ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ለስላሳ ሳሙና፣ ሳይጠመዘዝ ተጨምቆ ጥላ ላይ ይዘርጋ። ይህን የሚያውቀው እናንተ ዘንድ ያለው ሸማኔ ነው፤ ተከፍሎት የሚጽፈው ሰው አያውቀውም።

አንድ ሊንክ በቂ ነው፣ እሱም ወደ መነሻ ገጽ አይሂድ። የባና መጠን፣ ክብደትና አያያዝ ወደተጻፈበት ገጽ ይሂድ። ሊንኩ የሚያርፍበት ቃል ሁልጊዜ «የመንዝ ባና ዋጋ» ከሆነ የተገዛ መሆኑ ያስታውቃል፤ አንዴ የድርጅታችሁ ስም፣ አንዴ «የአጠባው ዝርዝር» ይሁን። በአማርኛ ስትጽፉ ደግሞ «ሱፍ» ብቻ ብላችሁ አትተዉት። የጾም ሱፍ ፍትፍት የሚሠራበትም ሱፍ ነው፣ ኮትና ሱሪውም ሱፍ ነው፤ ፈላጊውም ጎግልም ይሳሳታሉ። «የበግ ጸጉር» በሉ፣ «ፀጉር» ብሎ የሚፈልግም አለና ሁለቱንም አጻጻፍ በጽሑፉ ውስጥ አስገቡ።

ሸዋሮቢት፦

ጣርማ በር፣ በአንድ ነገር አልስማማም። ሌላ ቦታ ፈጽሞ አይውጣ ማለቱ ከመጠን በላይ ነው። ያው ጽሑፍ ሁለት ቦታ ቢወጣ ቅጣት የለውም፤ ጎግል አንዱን መርጦ ያሳያል እንጂ። ሰው በደንብ የተረጎመው የእንግሊዝኛ ቅጂም እንደ ድግግሞሽ አይቆጠርም።

ጣርማ በር፦

ቅጣት የለም፣ ልክ ነህ ወንድሜ። እኔ ያልኩት ለአዘጋጁ ስለሚሰጠው ቃል ነው። ብቻዬን አለኝ ብሎ ያወጣውን ሌላ ቦታ ካየው ሁለተኛ አይቀበላቸውም። ትርጉሙን ግን አስፈቅደው ማውጣት ይችላሉ።

ባና ከመንዝ፦

እግዚአብሔር ይስጥልን። ሁለት ነገር ቀረን። ውጤቱ በስንት ጊዜ ይታያል? ከዚህ በፊት ደግሞ ከፍለን ያወጣናቸው 3 ሊንኮች አሉ፣ በዲሳቮው (ጎግል ሊንኩን እንዳይቆጥረው በሚጠየቅበት መሣሪያ) እናስወግዳቸው?

ሊንክ ፈታሽ፦

አንባቢው ጽሑፉ በወጣበት ሳምንት ይመጣል። አድራሻው ላይ ምንም ሳትጨምሩ ጎግል አናሊቲክስ (የጎብኚ መቁጠሪያው) ውስጥ «ሪፈራል» (ከሌላ ዌብሳይት የመጣ ጎብኚ) የሚለው ስር የዌብሳይቱን ስም ታያላችሁ። በፍለጋ ደረጃ ላይ ያለው ለውጥ ግን ወራት ይወስዳል፤ በአንድ ጽሑፍ ምክንያት የመጣውን ለይቶ ማየትም ያስቸግራል። በሁለተኛው ሳምንት ደረጃ አልተነሳም ብሎ ማቆም ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው።

ለ3ቱ ሊንኮች መጀመሪያ ሰርች ኮንሶል (ጎግል ለዌብሳይት ባለቤቶች ያዘጋጀው መከታተያ) ገብታችሁ «ማኑዋል አክሽንስ» (የጎግል ሠራተኞች የጣሉት ቅጣት የሚታይበት) የሚለውን ክፈቱ። ምንም ችግር አልተገኘም ካለ ዲሳቮው አትንኩ፤ ጎግል ራሱ አብዛኛው ዌብሳይት እንደማያስፈልገው ይናገራል፣ በስህተት ጥሩውን ሊንክ ከጣላችሁም የምትጎዱት እናንተ ናችሁ። ለሦስቱ ባለቤቶች ጽፋችሁ ሊንኩን ስፖንሰርድ እንዲያደርጉት ጠይቁ፣ በኮድ የአንድ ቃል ሥራ ነው። ማስጠንቀቂያ መጥቶ ከሆነ ግን መጀመሪያ እንዲያነሱት ጠይቁ፤ እምቢ ያለውን ብቻ በዩቲኤፍ-8 የጽሑፍ ፋይል፣ በአንድ መስመር አንድ ዶሜይን አድርጋችሁ አስገቡ። የጻፋችሁላቸውን ኢሜይሎች አታጥፉ፣ እንደገና እንዲታይላችሁ ስታመለክቱ ምን እንዳደረጋችሁ ማስረዳት አለባችሁ።