የቀድሞ ኮማንዶ የሚሰጠው ሥልጠና ለተራራ አስጎብኚ ይበጃል?

ጥያቄ (ከአዘዞ)፦ ጤና ይስጥልኝ። በጎንደር አንድ የቀድሞ ኮማንዶ ራስን የመከላከልና ችግርን ተቋቁሞ የመቆየት ሥልጠና እንደሚሰጡ ሰምቼ፣ እንግዶች እየመራ ወደ ስሜን ተራሮች ለሚመላለሰው ታናሽ ወንድሜ ልከፍልለት አስቤያለሁ። የውትድርና ዕውቀት ለዚህ ሥራ ይጠቅማል ትላላችሁ?

መልስ (ከደባርቅ)፦ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ጥቅሙ ከድብድቡ ይልቅ በሌላው ክፍል ነው። በስሜን ተራሮች ጨነቅ የተባለውን ቦታ በመሰለ 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለ የድንኳን ሰፈር የሚያድር ሰው ሌሊት ብርዱን የሚቋቋመው ከላይ በሚደርበው ጋቢ ብቻ ሳይሆን ከበታቹ በሚያነጥፈው ደረቅ ሣር ጭምር ነው፤ መሬቱ ሙቀትን ይመጥጣልና። ውኃም ከ2,000 ሜትር በላይ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ፣ ለመጠጥ ሲሆን ጀርሞቹ እንዲሞቱ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ሊቆይ ይገባል (የእኛው ጎንደርም ከዚህ ከፍታ በላይ መሆኗን ብዙዎች ይዘነጉታል)። ደም በኃይል ከእጅ ወይም ከእግር ሲፈስ ቁስሉን አጥብቆ መጫን፣ ካልቆመም ከቁስሉ በላይ፣ መገጣጠሚያ ላይ ሳይሆን፣ ሰፋ ባለ ጨርቅ አጥብቆ ማሰርና ሰዓቱን መጻፍ ወታደር በሚገባ የሚያውቀው ነገር ነው።

መልስ (ከማራኪ)፦ ስለ ድብድቡ ልጨምር። በኢሚ ሊክተንፌልድ ተቀርጾ በእስራኤል ጦር የተስፋፋው፣ ክራቭ ማጋ የተባለው ራስን የመከላከያ ስልት እንኳ ለሲቪል ሰው ሲሰጥ፣ ዓላማው ጥቃቱን በፍጥነት ሰብሮ ማምለጥ ነው። አሠልጣኙ ስለ መሸሽ የማያነሡ ከሆነ፣ እኔ በበኩሌ አልከፍልም።

ጠያቂው፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አስቀድሜ አንድ ክፍለ ጊዜ ተቀምጬ እመለከታለሁ።